ሸክሙ ይመዘናል፤ ተሸካሚው ጡንቻስ?

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ፣ ተከትሏቸው የወረደው መኳንንትና ሠራዊት ለምድጃውም ለጎጆውም የተራራውን ዛፍ ይቆርጥ ጀመር። ጥዱና ወይራው ብዙ አልቆየም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ማገዶ ከመጥፋቱ የተነሣ አጼ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆርጡትም መልሶ ያቆጠቁጣል። ውሎ አድሮ እንጦጦንም የየካን ተራሮችም አለበሳቸው።

ዛፉ ተራራ ላይ፣ ምጣዱ ከተማ ውስጥ ሆነና በመካከል ያለው ቁልቁለት ለድሃ ሴቶች ተተወ። ከእንጦጦ አናት ወደ ቀበና፣ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ ኮተቤ የሚወርዱት መንገዶች ጎንበስ ብላ የምትሄድ ሴትን ከመቶ ዓመት በላይ ያውቋታል። የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ አይቷት ያውቃል፤ እንጨቱን እንዴት እንደምታነሣው ያስተዋለ ግን ጥቂት ነው። ጭራሮውንና ቅርንጫፉን በቁመቷ ልክ ወይም ከዚያ አስረዝማ ትከምራለች። በገመድ ጠፍራ ታስራለች። ከዚያ እስሩን ከፍ ካለ ቦታ ላይ አስደግፋ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥና ገመዱን በትከሻዋና በደረቷ ላይ ታሳልፋለች። ወደ ፊት ታጎነብሳለች፣ ትንፋሿን ትይዛለች፣ በጉልበቷ ተገፍታ ብድግ ትላለች። ትንፋሽ የተያዘባት፣ ሆድ የጠጠረባት፣ ጉልበት የተዘረጋባት ያቺ ቅጽበት የዚህ ታሪክ መነሻ ናት። ሆድ ውስጥ የተፈጠረው ግፊት ወደ ላይ ሳንባ አለበት፣ ወደ ኋላ አከርካሪ አለበት፤ ወደ ታች ግን የሚቀበለው ሥጋ ብቻ ነው።

ያ ሥጋ የዳሌ ወለል ጡንቻ ይባላል። ከፊት ከብልት አጥንት ተነሥቶ ከኋላ እስከ ጅራት አጥንት የተዘረጋ፣ ፊኛን፣ ማህፀንንና የአንጀትን መጨረሻ ከሥር የሚይዝ ነው። እንደ ጠፍር አልጋ ተጠላልፎ የተወጠረ ነው፤ ሲላላ የተኛበት ሁሉ ወደ መካከል ይሰረጉዳል። በምጥ ጊዜ ከየትኛውም ጡንቻ በላይ የሚለጠጠው እሱ ነው፣ በሸክም ጊዜም ከታች ሆኖ የሚመክተው እሱ ነው። ሲደክም ሽንት በሳልና በሳቅ ያመልጣል፤ ሲብስ ማህፀን ወርዶ ይወጣል።

በ1888 ዓ.ም. ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኛ ለማከም አዲስ አበባ ገቡ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በምንለው ቀበና አካባቢ የምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። ከተራራው የሚወርደው የእንጨት መንገድና ዘመናዊ ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ የተጎራበቱት እዚህ ነው። ጉርብትናው ግን ለተሸካሚዋ ብዙ አልፈየደላትም። ማህፀኔ ወጣ ብላ ለሐኪም ለመናገር መጀመሪያ ለራሷ፣ ከዚያ ለእናቷ ወይም ለጎረቤቷ መናገር ነበረባት። ሐኪሙም ቢሆን ጡንቻውን የሚለካበት መሣሪያ በዚያ ዘመን የትም አገር አልነበረውም።

መሣሪያው የመጣው ከካሊፎርኒያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 አርኖልድ ኬግል የተባለ የሎስ አንጀለስ የማህፀን ሐኪም የዳሌ ወለል ጡንቻን ደረጃ በደረጃ ስለማጠንከር አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ከወሊድ በኋላ ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና መግባታቸው አሳስቦት ነበር። ጡንቻ ነውና ቢያሠሩት ይጠነክራል ብሎ አመነ። ሴቶቹን «ጨብጡ» ብሎ ቢያዛቸው ግን ብዙዎቹ ትክክለኛውን ጡንቻ አያገኙትም፤ አግኝተውት እንደሆነም አያውቁም። ስለዚህ ፔሪኒዮሜትር የሚባል መሣሪያ ሠራ። በአየር የተሞላ ትንሽ የጎማ ክፍል ወደ ብልት ይገባል፣ በቀጭን ቱቦ ከግፊት መለኪያ ጋር ይያያዛል። ሴትየዋ ስትጨብጥ ቀስቱ ይነሣል፣ ስትለቅ ይወርዳል። ቁጥሩ የሚነበበው በደም ግፊት መለኪያ አሃድ፣ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ኬግል መሣሪያውን ወደ ቤታቸው ይዘው እንዲሄዱ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ እንዲሠሩ ያዝዝ ነበር።

እዚህ ላይ ኬግልን ማመስገን ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሴትየዋ የራሷን ጡንቻ ሥራ በዓይኗ እንድታይ አደረገ፤ ቀስቱን የምታነበው እሷ ራሷ ናት። ነገር ግን መሣሪያው ትልቅ ጉድለት ነበረው፤ እሱን ለመረዳትም አሥርት ዓመታት ወሰደ። ቀስቱ የሚያውቀው ግፊትን እንጂ ግፊቱ ከየት እንደመጣ አይደለም። ሴትየዋ ጡንቻዋን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ብትስብ ቀስቱ ይነሣል። በተቃራኒው ብታምጥ፣ ሆዷን ወደ ታች ብትገፋም ይነሣል። የመጀመሪያው ጡንቻውን ያጠነክረዋል፤ ሁለተኛው ያዳክመዋል፤ ቁጥሩ ግን አንድ ሊሆን ይችላል።

ኬግል በሎስ አንጀለስ ቀስት በሚያነብበት ዘመን ማለቂያ ላይ፣ ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን የተባሉ ባልና ሚስት የማህፀን ሐኪሞች ከአውስትራሊያ ተነሥተው በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። የመጡት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለመክፈት፣ ለሦስት ዓመት ነበር። በመጽሐፍ እንጂ በዓይናቸው አይተውት የማያውቁትን ፌስቱላ እዚህ አገኙት። ሴት ለቀናት ስታምጥ የሕፃኑ ጭንቅላት በዳሌዋ አጥንትና በፊኛዋ መካከል ሥጋዋን ጨፍልቆ ይገድለዋል። ሥጋው ሲረግፍ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈስሳል። በ1967 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ።

በሃምሊኖቹ ሥራ ውስጥ የማሚቱ ጋሼ ታሪክ ከመለካት ጥያቄ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ማሚቱ በልጅነቷ ተድራ፣ በምጥ ተጎድታ፣ ከገጠር የመጣች ታካሚ ነበረች። ከዳነች በኋላ አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፣ ቀጥላ መሣሪያ ማቀበል፣ በመጨረሻ ራሷ ቀዶ ጥገና መሥራት ቻለች። የሕክምና ትምህርት ቤት አልገባችም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ግን የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጥቷታል። ቀዳዳው የት እንደሆነ፣ የቀረው ሥጋ ምን ያህል እንደሚለጠጥ፣ ጠባሳው ምን ያህል እንደጠነከረ የምታውቀው በጣቷ ነበር። የሠለጠነ ጣት ያኔም ዛሬም ከሁሉ የቀደመ መለኪያ ነው። ችግሩ ጣት ከሰው ሰው መለያየቱ ነው።

በሆስፒታሉ አንድ መራራ ነገር ቶሎ ታወቀ። ቀዳዳው ተዘግቶ፣ ስፌቱ ይዞ፣ ሴትየዋ ግን አሁንም ትረጥባለች። ሽንት ቧንቧውን የሚይዘው ጡንቻና ነርቭ ከቀዳዳው ጋር አብሮ ተጎድቷልና ነው። «ተዘግቷል» የሚለው የሐኪም ቃልና «ደርቄያለሁ» የሚለው የሴትየዋ ቃል መለያየት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ቀዳዳው መዘጋቱ ብቻ አልሆነም፤ የቀረው ጡንቻ ምን ያህል ይሠራል የሚለውም ተጨመረ።

በሌላው ዓለም መሐንዲሶችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ወደ ኤሌክትሪክ ዞረው ነበር። ማንኛውም ጡንቻ ሲኮማተር እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ በማይክሮቮልት ይለካል። ኤሌክትሮማዮግራፊ የሚባለው ዘዴ ይህንኑ ይቀዳል። አሜሪካዊው ጆን ፔሪ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ብልት የሚገባ ኤሌክትሮድ ያለበት መለኪያ አስተዋወቀ። ከግፊት ይልቅ የጡንቻውን ሥራ በቀጥታ ያነብባል ተብሎ ተስፋ ተጣለበት። ሴትየዋ በጀርባዋ ትተኛለች፣ ጉልበቷን ታጥፋለች። ኤሌክትሮዱ ይገባል፤ ሌላ ማጣቀሻ ኤሌክትሮድ በዳሌዋ አጥንት ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ ዘና ብላ መስመሩ እስኪረጋ ይጠበቃል። ከዚያ ለጥቂት ሰከንድ ትጨብጣለች፣ ትለቃለች፣ ታርፋለች፣ ትደግማለች።

መስመሩ በማያው ላይ ሲወጣና ሲወርድ እርግጠኛ ይመስላል። ግን አጠገቡ የመቀመጫ፣ የውስጥ ጭንና የሆድ ጡንቻዎች አሉ፤ እነሱም ሲኮማተሩ ኤሌክትሪካቸው ወደዚያው ኤሌክትሮድ ይደርሳል። ኤሌክትሮዱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት ቁጥሩ ይለወጣል። የአካሉ እርጥበት ቢለወጥ ይለወጣል። ስለዚህ ዛሬ ከፍ ያለ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዝቅ ያለ ቁጥር ቢነበብ ጡንቻው ደክሟል ለማለት አያስደፍርም። ባለሙያዎች መፍትሔ ብለው ያመጡት የእያንዳንዷን ሴት ንባብ ከራሷ ከፍተኛ ጭበጣ ጋር ማነጻጸር ነው። ይህ ለጤነኛ ሴት ይሠራል። በጣም ለተጎዳች ሴት ግን ከፍተኛ ጭበጣዋ ራሱ የማይታመን ነው፤ ያን ጡንቻ እስከ መጨረሻው ማዘዝ አትችልምና። የሚጎዳኝም ይኸው ነው፤ መለኪያው በይበልጥ የሚከዳት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋትን ሴት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የወጣ የሪቻርድ በምፕና ባልደረቦቹ ጥናት ችግሩን ከሥሩ አሳየ። 47 ሴቶች አጠር ያለ የቃል መመሪያ ተሰጥቷቸው እንዲጨብጡ ተጠየቁ። በትክክል የጨበጡት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሩቡ ደግሞ የሠሩት ሽንት ማምለጡን ሊያባብስ የሚችለውን፣ ወደ ታች የመግፋቱን ነገር ነው። በዚያው ዓመት ስለ አዲስ አበባ ሌላ ዓይነት ልኬት ታተመ። ለዓለም የሥራ ድርጅት የቀረበው የፍቅርተ ኃይሌ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ጫካ እንጨት የሚሸከሙትን ሴቶች ሕይወት መረመረ። በዚህ ዓይነት ጥናት የሸክሙ ክብደት፣ የመንገዱ ርዝመት፣ የገቢው ማነስ፣ ከጥበቃ ጋር የሚደረገው ድብብቆሽ ይመዘገባል። ለሸክሙ ኪሎ አለው፣ ለመንገዱ ኪሎ ሜትር አለው፣ ለእስሩም ዋጋ አለው። ከሥር ሆኖ ሁሉንም የሚይዘው ጡንቻ በመዝገቡ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ከጥናቱ በኋላ ሥራውን ለመተው የፈለጉ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ወደ ሽመና ገቡ፤ በእንጦጦ መንገድ ዳር የሚሸጡት ነጠላና ሻሽ የዚያ ጥረት ውጤት ነው።

በመለካቱ በኩል ወሳኙን ሥራ የሠራችው ኖርዌያዊቷ የፊዚዮቴራፒ ተመራማሪ ካሪ ቡ ናት ብል አላጋንንም። ግፊቱ የሚቆጠረው መሣሪያው ወደ ውስጥ ሲሳብ በዓይን ከታየ ብቻ ነው የሚል ሕግ አወጣች። ወደ ውጭ ከተገፋ ምጥ ነው፣ አይቆጠርም። ቀላል ይመስላል፤ ግን ከኬግል ጀምሮ የነበረውን ጉድለት የዘጋው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ከባልደረባዋ ጋር ጣትን ራሱን ፈተነች። ሁለት ፈታሾች 20 ሴቶችን ለየብቻ በጣት መርምረው ለጡንቻው ብርታት ነጥብ እንዲሰጡ ተደረገ። የተስማሙት በ9ኙ ላይ ብቻ ነበር። ሁለቱ ፈታሾች የሠለጠኑ ነበሩ፣ ሴቶቹም የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች ነበሩና ጡንቻው የት እንዳለ ያውቃሉ። ይህን ቁጥር ሳይ በየገጠሩ ክሊኒክ በጣት ብቻ የሚጻፈው ነጥብ ያሳስበኛል። ከስምንት ዓመት በኋላ ካናዳውያኑ ተመራማሪዎች ኦኪንክሎስና ማክሊን ኤሌክትሮዶቹን በተራቸው ፈተኑ። በአንድ ቀን ውስጥ የተደጋገሙት ልኬቶች ይቀራረባሉ፤ በተለያየ ቀን የተደረጉት ግን የሚታመኑ አልነበሩም።

በአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል በዚህ ጊዜ ሌላ የመለካት ሥራ እየተካሄደ ነበር። አውስትራሊያዊቷ ሐኪም ጁዲት ጎ ፌስቱላን በሴንቲ ሜትር የሚመድብ ሥርዓት አዘጋጀች። የቀዳዳው ጠርዝ ከሽንት ቧንቧው አፍ ምን ያህል ይርቃል፣ ስፋቱ ምን ያህል ነው፣ ጠባሳው ምን ይመስላል የሚለውን ይዘግባል። እ.ኤ.አ. በ2008 ይኸው ሥርዓት ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ በኢትዮጵያ በታከሙ ሴቶች ላይ ተፈትኖ ከጥገና በኋላ ማን ሊረጥብ እንደሚችል አስቀድሞ ለመገመት አገልግሏል። ቀዳዳው ወደ ቧንቧው አፍ በቀረበ ቁጥር አደጋው ይጨምራል፤ የሚይዘው ጡንቻ ያለው እዚያው ነውና። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ፌስቱላቸው ተዘግቶ ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች የፊኛ ግፊት ምርመራ ውጤት ታተመ። አብዛኞቹ ላይ የታየው በጉልበት፣ በሳልና በመነሣት ጊዜ የሚመጣው ማምለጥ ነው።

ከዚያ ነገሩ ወደ ሰሜን ሄደ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች፣ ዶክተር ሙሉ ሙለታና የኖርዌይ ባልደረቦቻቸው በዳባት ወረዳ ወደ 400 የሚጠጉ ሴቶችን ጠየቁ፤ ወደ 300 የሚጠጉትም ለምርመራ ፈቀዱ። የማህፀኑ መውረድ የተለካው እ.ኤ.አ. በ1996 በዓለም አቀፍ ደረጃ ስምምነት በተደረሰበት የሴንቲ ሜትር ዘዴ ነው። ከተመረመሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሁለተኛ ደረጃ ወይም ከዚያ የባሰ መውረድ ነበረባቸው። በቃለ መጠይቁ ችግሩ አለብን ያሉት ግን ከዚህ እጅግ ያነሱ ነበሩ። በቀን አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ነገር መሸከምና የተራዘመ ምጥ ከመውረዱ ጋር ተያይዘው ተገኙ። ጥናቱ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። ዳባት ከእንጦጦ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ደጋው ግን ደጋ ነው፣ ሸክሙም ሸክም ነው። በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ለምትወርደው ሴት ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አላገኘሁላትም።

በምርመራውና በመልሱ መካከል ያለው ያ ሰፊ ልዩነት በጣም አሳሳቢ ነው። ቀጥለው የመጡ ጥናቶች በአማራ ክልል ማህፀናቸው የወጣ ሴቶችን ረጋ ብለው አነጋገሩ። ሴቶቹ ከወለዱ በኋላ ሳያርፉ ወደ ሥራ መመለሳቸውን፣ ከባድ ሸክምን፣ ባል እንዳይሰማ፣ ጎረቤት እንዳያሸት መደበቃቸውን ተናገሩ። የተደበቀ ነገር በኤሌክትሮድ አይገኝም፤ መጀመሪያ ሴትየዋ ወደ አልጋው መምጣት አለባት።

ስለዚህ የጎንደር ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ያደረጉት ነገር ከብዙ መሣሪያ ይበልጥብኛል። በስኮትላንድ የተዘጋጀውን፣ ሰባት ጥያቄ ያለውንና ከ0 እስከ 28 ነጥብ የሚሰጠውን የማህፀን መውረድ ምልክቶች መጠይቅ ወደ አማርኛ መለሱት። መልሰውትም አልተዉትም፤ ልክ እንደ ቡ ጣትን፣ እንደ ማክሊን ኤሌክትሮድን ፈተኑት። ሴቶቹ ከጊዜ በኋላ ዳግመኛ ሲጠየቁ መልሳቸው ይጸናል ወይ? ነጥቡ ሐኪሙ በምርመራ ካየው ጋር ይሄዳል ወይ? ጸና፣ ሄደም። የማህፀን መውረድን ምልክቶች በአማርኛ፣ ያለ መብራት፣ ያለ ማያ የሚነግር፣ ሲደጋገምም የማይዋዥቅ መለኪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ሴቶቹ ምን ያህል እንደተሻላቸው ለመከታተልም ጠቅሟል።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ፤ የእንጨት መንገዱ ብዙ ቦታ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆነ። ከተሸካሚዎቹ አንዳንዶቹ ሌላ ሥራ ያዙ። ሸክሙን ማውረድ ግን ለዓመታት የተለጠጠውን ጡንቻ ወደ ቦታው አይመልሰውም፤ ሃምሳ ዓመት ሞልቷት፣ ወር አበባዋ ቆሞ፣ ማህፀኗ የሚወርድባት ሴት ሸክሙን ካወረደች ቆይታ ሊሆን ይችላል።

ዛሬም ልኬቱ በአብዛኛው የሚደረገው ሴትየዋ በጀርባዋ ተኝታ ነው። ካሪ ቡና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሴቶችን ተኝተውም ቆመውም ለክተው ነበር፤ ሲቆሙ በእረፍት ያለው ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። ጡንቻው ቆሞ ሲውል ሥራ ላይ ነውና። ለእንጦጦ ሴት የምመኘው ልኬት እንግዲህ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሰባቱ ጥያቄዎች፣ በሴት ጤና ባለሙያ፣ በር ተዘግቶ፤ ከዚያ ተኝታ፣ ከዚያ ቆማ፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ስታነሣ፤ በሌላ ቀንም እንደገና፣ በዚያው ባለሙያ፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ለዚህ ኤሌክትሮድ ካለ መልካም፤ ከሌለ የሠለጠነ ጣት ወደ ውስጥ መሳቡንና ወደ ውጭ መገፋቱን ይለያል። ቢያንስ ይህን ያህሉን በየካ ባለ ጤና ጣቢያ ዛሬ መጀመር ይቻላል።